የከሰል ፍሬ ምን ታስተምረናለች?



በምድጃችን ላይ የሚነደው ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። ሥጋችንም ሆነ የምንበላው እህል ያለ ካርቦን አይቆምም። ለመሆኑ ይህ ካርቦን ከየት መጣ?

የተሠራው በከዋክብት ሆድ ውስጥ ነው። ሁለት የሂሊየም ኑክሊየሶች ተጋጥመው የሚፈጥሩት ቤሪሊየም ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ባነሰ ጊዜ ይበተናል። ካርቦን የሚገኘው ከመበተኑ በፊት ሦስተኛው ሂሊየም ሲደርስለት ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድ ሆይል በ1953 እ.ኤ.አ. ይህን አስልቶ፣ የካርቦን ኑክሊየስ ለውህደቱ የሚመች የኃይል ደረጃ ሊኖረው እንደሚገባ ተናገረ። በአሜሪካ የካልቴክ ተመራማሪዎች ሲለኩት፣ በ7.65 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ አገኙት። ደረጃው ከዚህ በመጠኑ ከፍ ቢል ኖሮ ከዋክብት የሚሠሩት ካርቦን እጅግ ባነሰ ነበር።

ይህን አንዳንድ ምሁራን በአጋጣሚ፣ ሌሎች ደግሞ በብዙ ዩኒቨርሶች መኖር ያብራሩታል። እኛ የአላህን (ሱ.ወ.) ጥበብ እናስተነትንበታለን። ሆኖም ኢማናችንን በአንድ ቁጥር ላይ አንገንባ፤ የሰው ስሌት ነገ ሊታረም ይችላልና። ልጆቻችን ፊዚክስ ቢማሩ እምነታቸው ይናጋል ብለንም አንስጋ። ስሌቱን ጠንቅቀው እንዲያውቁ እናበረታታቸው። አጥብቆ የመረመረ፣ አጥብቆ ያስተነትናል።

ወላሁ አዕለም።