ጂንካ ላይ ያነበብኳቸው ሦስት መጻሕፍት

(በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ጂንካ በነበርክበት ጊዜ ምን ታነብ ነበር?» ብለው እንድናገር ጋብዘውኛል። መልሱ አጭር ነው፤ ሦስት መጽሐፍ።

በ1990 ዓ.ም. ተመርቄ በመምህርነት ስመደብ ሻንጣዬ ውስጥ የነበሩት የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት እና የፍቅረማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ» ናቸው። እዚህ ቤተ መጻሕፍት በሳምንት ሁለት መጽሐፍ ስጨርስ ለኖርኩት ለእኔ፣ ለወር የሚበቁ አልመሰለኝም። ሁለት ዓመት በቁኝ።

ጋዜጣ ከአርባ ምንጭ ተነስቶ በኮንሶና በወይጦ አቋርጦ እስኪደርስ ወሬው ያረጃል። ቅዳሜ ገበያ ለውዝ የተጠቀለለበትን ቁራጭ ጋዜጣ ሳይቀር አነብ ነበር። ጫፉ የተቀደደ ዜና ሲገጥመኝ የቀረውን ራሴ እጨርሰዋለሁ። ልብ ወለድ የጀመርኩት እዚያ ነው ብል አልዋሸሁም።

ጠዋት ከክፍል በፊት ከመዝገበ ቃላቱ አንድ ገጽ፤ ማታ በኩራዝ ከልብ ወለዱ አንድ ምዕራፍ። አከራዬ እትዬ ፊደል አልቆጠሩም፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተዋል። አንድ ማታ «እስቲ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው» አሉኝ። ለብቻ ማንበብ በዚያው ቀረ። ስቸኩል «ቀስ በል እንጂ ልጄ፣ ሰብለን አታሯሩጣት» ይሉኛል። ዛሬም የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ሳላነብ ለማተሚያ ቤት አልሰጥም።

«ከቡስካ በስተጀርባ»ን ያነበብኩት ደግሞ ከአንድ የሐመር ተማሪዬ ጋር ነው። ቡስካ ለእኔ የመጽሐፍ ርዕስ፣ ለእሱ ከብት የጠበቀበት ተራራ። አንድ ገጽ ባነበብን ቁጥር እሱ ሦስት ገጽ የሚሆን ወሬ ይጨምርበታል።

ኢቮ ስትሬከርና ጂን ላይዳል እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ሐመር ካሳተሟቸው ሦስት ቅጾች ሁለተኛው፣ ባልዳምቤ የተባለ የሐመር ሰው በቃሉ ያስረዳው ነው። ይህን ሳውቅ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። ደቡብ ኦሞ ውስጥ የማንበብ ግማሹ ማድመጥ ነው።

ዛሬ ጂንካ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከልም እዚያው ነው። ማኅበራችን ለገጠር ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ሊልክ ማሰቡ ደግ ነው። ነገር ግን «እንዳይጠፋ» ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የከረመ መጽሐፍ በየሄድኩበት አይቻለሁ። ስለዚህ ከካርቶኑ ጋር ሰው ይሂድ፤ ቁጭ ብሎ የሚያነብም፣ የሚያደምጥም።

ለመጪው ጥር ሁለት ሳምንት እኔ ስሜን አስመዝግቤያለሁ። መዝገቡ በሩ ጋ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ስትወጡ እለፉበት።