ስም ከነአባቱ

እንጅባራ ካርድ ክፍል በር ላይ «አለሙ!» ብላችሁ ብትጣሩ ስንቱ ብድግ ይላል! የአባትና የአያት ስም ሲጨመር ነው ሰውየው የሚለየው።

ሲ ፕላስ ፕላስ ላይም ያው ነው። አንድ ስም በሁለት ኔምስፔስ ውስጥ ይኖራል፤ ኮምፓይለሩ የኔምስፔሱንና የፈንክሽኑን ስም አጣብቆ ሌላ ረጅም ስም ያወጣለታል። ስህተት የምንፈልግበት ጂዲቢ፣ ፕሮግራሙ ከቆመበት ኔምስፔስ ውጭ ያለውን በአጭር ስሙ ስትጠይቁት «እዚህ የለም» ሊላችሁ ይችላል። አለ እኮ! ከነኔምስፔሱ ጥሩት፣ ይመጣል።

ለእኛ ይሄ ቀልድ አይደለም። መድኃኒት የሚያሰላ ፕሮግራም ውስጥ «ዶዝ» የሚባል ለሕፃንም ለአዋቂም ካለ፣ የትኛው እንደተጠራ ሳይታይ ዋርድ መግባት የለበትም። ሠሪዎቹን «የማን ዶዝ?» በሏቸው።