መኪና አልነሣ ሲል ሳትመረምሩ አትግዙ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተነገረ። በስብሰባው ላልተገኙ አባሎች ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ኮሚቴያችን ለዛሬ ያቀረበው ርእስ ስለ መዋጮ ወይም ስለ ድንኳን አይደለም። ጧት ጧት በየደጃችን ስለምንሰማው ስለ መኪና እምቢታ ነው። «መኪና የሌለን ሰዎች ይህ ምን ያገባናል?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ያገባናል እንጂ! በሠፈራችን ያለ መኪና ቀን የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ምጥ የያዛትን እናት ባልቻ ወይም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚያደርስ የሁላችንም መኪና ነው። መኪናው ሲቆም የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱም ችግር ነው።

ደግሞም መኪኖቻችን አርጅተዋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው በእጁ ያለውን አሮጌ ኮሮላ፣ ቪትዝ ወይም ቮልስዋገን አስታሞ ከመያዝ በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ባለፈው ክረምት በሠፈራችን የሆነውን ልንነግራችሁ ነው፤ ስም አንጠራም። አንድ በታክሲ ሥራ የሚተዳደር ወንድማችን መኪናው ጧት አልነሣ አለው። አንዱ መጣና «ባትሪው ሞቷል» አለው፤ ተበድሮ አዲስ ባትሪ ገዛ። ሦስት ቀን ሠርቶ እንደገና ቆመ። ሌላው መጣና «ሞተሪኖው ነው» አለው፤ ሱማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ሞተሪኖ ገዝቶ አስገጠመ። ሁለት ቀን ሠርቶ ደግሞ ቆመ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ተለምነው መጡ። ምንም ሳይፈቱ «የፊት መብራቱን አብራና ቁልፉን አዙር» አሉት። ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ድርግም አለ። እጃቸውን ልከው የባትሪውን ገመድ ጫፍ ነካ ቢያደርጉት ተነቃነቀ፤ ውስጡም አመድ የመሰለ ነጭ ነገር ይዞታል። ታጠበ፣ ተፋቀ፣ ጠብቆ ታሰረ፤ መኪናው ወዲያው ተነሣ።

ታዲያ አዲሱ ባትሪ ለምን ሦስት ቀን አሠራ? ዕቃ በተቀየረ ቁጥር የባትሪው ገመድ ተፈትቶ ስለሚታሰር ለጊዜው ይይዛል። መኪናውን ያስነሣው የገመዱ መነካካት እንጂ የተገዛው ዕቃ አልነበረም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ወንድማችን ያንን ዕዳ እስከ ዛሬ ይከፍላል።

እኛ የኮሚቴው አባሎች መካኒኮች አይደለንም። ከዚህ ቀጥሎ የምንለው በሠፈራችን ካሉ የሙያው ሰዎች ጠይቀንና አይተን የሰበሰብነው ነው። ነገሩ ባጭሩ ሲነገር፣ መኪና ሲቆም ምን እንደጎደለው ራሱ ይናገራል፤ ቦርሳ ከመክፈት በፊት ጆሮ መስጠት ነው።

ሞተር እንዲነሣ ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው የሚያዞረው ጉልበት ነው፤ ይህም ከባትሪውና ከሞተሪኖው ይመጣል። ሁለተኛው ከአየር ጋር የተደባለቀ ነዳጅ ነው። ሦስተኛው በሰዓቱ የሚደርስ እሳት ነው፤ ይህ በቤንዚን መኪና የካንዴላ ሥራ ነው። ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የምንላቸው ስሞች ከጣልያንኛ የወረስናቸው ናቸው፤ ስማቸው ባዕድ ቢሆንም ሥራቸው ለማንም የሚገባ ነው። የጎደለው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ዕቃ መግዛት በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን እዩ። ነዳጅ አለ ወይ? በአሮጌ መኪና የነዳጁ ጌጅ ይዋሻል፤ እሱን ብቻ አትመኑ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ በፓርኪንግ ወይም በኒውትራል ላይ ካልሆነ ሞተሪኖው አይዞርም። ለሌባ ተብሎ የተደበቀ ማጥፊያ ካለውም ልጅ ነክቶት እንዳይሆን ተመልከቱ። በዚህ ብቻ የሚያልቅ ብዙ ነው።

ቀጥሎ የፊት መብራቱን አብሩ፤ ቁልፉን እያዞራችሁ መብራቱን እዩ፣ ድምፁንም ስሙ። ከአራት አንዱ ይሆናል።

1ኛ. መብራቱ ከመጀመሪያው ደብዛዛ ነው፤ ወይም ቁልፉ ሲዞር ድርግም ይላል። ይህ የባትሪ ድካም ወይም የገመዱ ጫፍ መላላትና መዛግ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ የደከመ ባትሪ ጧት ይበልጥ ይደክማል። መጀመሪያ የሚታየው የገመዱ ጫፍ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ኔጋቲቩን አስቀድሞ መፍታት፤ በሙቅ ውኃና በሶዳ አጥቦ፣ ፍቆና አድርቆ፣ ፖዘቲቩን አስቀድሞ መልሶ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው። ዱቄቱ አሲድ ስላለበት ዓይናችሁንና እጃችሁን ጠብቁ።

2ኛ. «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ ይደጋግማል፤ ሞተሩ ግን አይዞርም። ይህም ብዙውን ጊዜ ያው የባትሪ ወይም የገመድ ነገር ነው። ጉልበቱ ማብሪያውን ለመሳብ ይበቃል፤ ሞተሩን ለማዞር ግን አይበቃም።

3ኛ. መብራቱ እንደ ደመቀ ነው፤ አንድ ጊዜ «ጓ» ይልና ዝም፣ ወይም ጭራሽ ዝም። ባትሪውን ተዉት፤ ነገሩ ወደ ሞተሪኖው፣ ወደ ገመዱ ወይም ወደ ቁልፉ ሄዷል። እዚህም ላይ ቶሎ «ሙሉ ሞተሪኖ ግዛ» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ብዙ ጊዜ ያለቀው ውስጡ ያለው ካርቦን ብቻ ነው፤ እሱ ለብቻው ይቀየራል።

4ኛ. ሞተሩ ደኅና አድርጎ ይዞራል፤ ግን አይነሣም። ይህ ባትሪም ሞተሪኖም አይደለም! ወይ ነዳጅ ወይ እሳት ነው። ደጋግሞ ማዞር ባትሪውን ከመግደል በቀር ጥቅም የለውም። በአንድ ጊዜ ከ10 ሴኮንድ በላይ አታዙሩ፤ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ አሳርፉት።

ይህን አራተኛውን ትንሽ እናብራራው፤ ብዙ ገንዘብ የሚበላው እሱ ነውና። ኢንጀክሽን መኪና ከሆነ ቁልፉን ሳታስነሡ ክፈቱና ወደ ኋላ ወንበር ጆሮ ስጡ፤ በብዙዎቹ የነዳጁ ፖምፓ ሁለት ሦስት ሴኮንድ «እዝዝ» ይላል። ሲል የነበረው ዝም ካለ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ ከዚያ ፖምፓውን አስመርምሩ። ፊውዝ እያለ ፖምፓ መግዛት የለም።

ካርቡራቶር ያለው አሮጌ መኪና ከሆነ በአፍንጫ ይታወቃል። ቤንዚን በኃይል ከሸተተ ሞተሩ ነዳጅ ጠጥቷል ማለት ነው፤ ካንዴላውም ርሷል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳር አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ለኛ ቤንዚን ያበዛል። እንዲህ ሲሆን ነዳጁን መርገጫ እያነሡ እየጣሉ መጎንጎን ያብሰዋል። ጥቂት አሳርፎ፣ መርገጫውን እስከ ታች ረግጦ ይዞ ማዞር ነው። ጭራሽ የማይሸት ከሆነ ግን ነዳጅ አልደረሰም፤ ፊልትሮውና ፖምፓው ይታይ።

በክረምት ዝናብ ያደረ አሮጌ መኪና ደግሞ እርጥበት እሳቱን ይሰርቅበታል። ሞተሩን አጥፍቶ የስፒንተሮጀኖውን ክዳንና የካንዴላ ገመዶችን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻውን ስንቱን አስነሥቷል። እሳት መኖር አለመኖሩን በባዶ እጅ አትሞክሩ፤ ኃይሉ ብዙ ሺህ ቮልት ነው። አዳዲሶቹንም መኪኖች እንዲያ መሞከር ኤሌክትሮኒክሳቸውን ያበላሻል፤ ለባለሙያ ተዉት።

ናፍታ መኪና የእሳት ካንዴላ የለውም። ጧት የሚያሞቀው ካንዴሌታ ሲቃጠል ያስቸግራል፤ ነዳጁ አልቆ ከሆነም መስመሩ ውስጥ አየር ስለሚገባ ናፍታ ቢሞላለትም አየሩ ካልወጣለት አይነሣም።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም አትሳቁብን። እሱም ውስጡ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለው፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነቃም። ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ገመድ ግን ማንም እንዳይነካ፤ ገዳይ ነው።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። ገንዘብ ይተካል፤ ሕይወት አይተካም።

መኪና ገፍቶ ማስነሣት ልማዳችን ነው። አውቶማቲክ መኪና ግን ተገፍቶ አይነሣም፤ ጉልበታችሁን አትጨርሱ። ባለ ፍሪሲዮኑም ቢሆን ቁልቁለት ላይ ሲለቀቅ ሞተሩ ስላልሠራ ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል፤ መሪውም ይከብዳል፤ ቁልፉ ከወጣ ጭራሽ ሊቆለፍ ይችላል። ስለዚህ መሪ የሚይዘው መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ይሁን፤ ሕፃናት ከፊትም ከኋላም ይራቁ፤ ወደ ዋናው አስፋልት ገፍቶ መውጣት አይገባም።

ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል ስትዋሱ ሁለቱም ባለ 12 ቮልት መሆናቸውን አረጋግጡ። ቀዩን በሞተው ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ በደኅናው ፖዘቲቭ እሰሩ። ጥቁሩን በደኅናው ኔጋቲቭ አስሩና የመጨረሻውን ጫፍ በሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተር ብረት ላይ ያዙት። ባትሪ የሚያወጣው ጋዝ ብልጭታ ሲያገኘው ይፈነዳል። ለዚሁ ነው ክብሪት ለኩሶ፣ ሻማ ይዞ ወይም ሲጋራ እያጨሱ ሞተር ውስጥ ማየት የማይገባው። የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ይበቃል።

መኪናው ከተነሣ በኋላም ነገሩ አላለቀም። ባትሪው ለምን ደከመ? ማንኛውም ኤሌትሪሺያን በቴስተር ይነግራችኋል። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12 ከደረሰ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ ሲሠራ ወደ 14 ቮልት ከፍ ካላለ ዲናሞው አይሞላም፤ አዲስ ባትሪ ብትገዙም በማግስቱ ያው ነው።

ጋራዥ ስትሄዱ ያያችሁትንና የሰማችሁትን አንድም ሳትደብቁ ንገሩ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። መካኒኩ «ይህ ይቀየር» ሲል «ምን አይተህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ደኅና ባለሙያ ደስ ብሎት ያሳያችኋል። ለምርመራው ክፈሉት፤ ዓይንና ጆሮውም ሥራ ነው። የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ።

በመጨረሻ ኮሚቴው የሚከተለውን ያሳስባል።

ሀ. መኪና ያላችሁ ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን የባትሪውን ገመድ ጫፍ እዩ፤ ሌሊት ለሚመጣ ችግርም ጥቂት ነዳጅ አስቀሩ።

ለ. የባትሪ ኬብል ያላችሁ ለጥበቃዎቹ ንገሩ፤ ሌሊት ማንን ማንኳኳት እንዳለብን እንወቅ።

ሐ. በሌላው መኪና ፊት አቁማችሁ መንገድ አትዝጉ። የተነሣ መኪና መውጫ ካጣ ካልተነሣው አይሻልም።

መ. ይህን ከሁሉ አስበልጣችሁ ያዙልን። ምጥ የያዛት ወይም የታመመ ሰው ተሳፍሮ መኪናው እምቢ ካለ ምርመራ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ጊዜ ሞክሩ፤ ካልሆነ አንዱ የጎረቤት በር ያንኳኳ፣ ሌላው በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ይጥራ። እሳት ከተነሣ 939 ነው። ባትሪና ካንዴላ ለነገም ይደርሳሉ፤ እናትና ልጅ ግን አይጠብቁም።

ከዚህ የተሻለ የምታውቁ የሙያው ሰዎች በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥታችሁ ብታስተምሩን ደስታችን ነው።

ሰላምና ጤና ለሁላችን ይሁን።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ልደታ፣ አዲስ አበባ