ግሱን ሳታዩ አትፈርሙ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ግስ ነው። ግስ ማለት ድርጊትን የሚናገር ቃል ነው፤ አረሰ፣ ዘራ፣ አጨደ እንደማለት ነው።

እኛ «ገበሬው ማሳውን አረሰ» የምንለውን እንግሊዞች «ገበሬው አረሰ ማሳውን» ይሉታል። የእነሱ ግስ መሃል ላይ ይመጣል፤ የእኛ ግን መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዋን ቃል ሳታነቡ ነገሩ ገባን አትበሉ።

እስቲ እነዚህን ሁለቱን አስተያዩ፦

«አበበ 2 ኩንታል ጤፍ አበደረ።»
«አበበ 2 ኩንታል ጤፍ ተበደረ።»

እንግሊዞች ለነዚህ ሁለት ነገሮች «ሌንድ» እና «ቦሮው» የሚባሉ፣ ጨርሶ የማይመሳሰሉ ቃላት አሏቸው። እኛ ግን የምንለያቸው በአንዲት ፊደል ነው። «አ» ከሆነች ጤፉ ለአበበ ይመለስለታል፤ «ተ» ከሆነች መላሹ ራሱ አበበ ነው።

ግስን የሚያብራራ ቃልም አለ፤ ተውሳከ ግስ ይባላል። «ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ከፈለ» እና «ዕዳውን በከፊል ከፈለ» አንድ አይደሉም። በሁለተኛው ዕዳው ገና አላለቀም።

እስከ ትናንት ሰው አንብቦላችሁ በጣት ትፈርሙ ነበር። ዛሬ ግን ማንበብ ችላችኋል። እንግዲህ ወረቀት ሲቀርብላችሁ አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ግሱን ፈልጉ፤ ከዚያ ፈርሙ።