የማይዳሰስ ሰርቨር ስምና መዝገብ



በሜይንፍሬም ላይ በዜድ ቪኤም ሥር የሚሠራ የሊኑክስ ሰርቨር መለያ ወረቀት የሚለጠፍበት ሣጥን የለውም። ያለው ስሙ ብቻ ነው፤ እርሱም ሁለት ነው፦ በሜይንፍሬሙ መዝገብ ከ8 ፊደል የማይበልጥ፣ በሊኑክሱ ዘንድ ረዘም ያለ። ሰርቨሩ ሲባዛ ሁለተኛው ስም ሳይለወጥ አብሮ የተገለበጠ እንደ ሆነ፣ ተረኛው የሙከራውን አቆማለሁ ብሎ የደመወዙን ያቆማል።

በስሙ ውስጥ የክልል ስም መክተትም አይበጅም። ዲላ ከሥፍራዋ ሳትነቃነቅ ጌዴኦ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ ኋላም በደቡብ ብሔሮች፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ተቆጥሯል። ለሰርቨሩ ተራ ቁጥር ይበቃዋል፤ ባለቤቱ፣ ሥራውና የተፈጠረበት ቀን በመዝገብ ይስፈሩ። የተሰረዘ ቁጥርም ለሌላ አይሰጥ፤ የቀድሞው ሰርቨር ምትኬ ገና በቴፕ ላይ ይኖራልና።