ድመትን በዲጂታል መሣል

ሴት አቅራቢ፦ ዲጂታል ሥዕል ለሚጀምር ሰው ድመትን የመሰለ መለማመጃ የለም እላለሁ። አንተስ?

ወንድ አቅራቢ፦ እስማማለሁ፤ ግን ብዙዎች ከጆሮና ከጺሟ ይጀምራሉ። መቅደም ያለበት የሰውነቷ አቋም ነው። ድመት የምትራመደው በጣቶቿ ነው፤ በኋላ እግሯ ላይ ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስለን ተረከዟ ነው።

ሴት አቅራቢ፦ ዓይኗም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጠራራ ፀሐይ ብሌኗ እንደ ክር ይቀጥናል፤ ሲጨልም ሰፍቶ ክብ ይሆናል። ስለዚህ ብርሃኑን አስቀድሞ መወሰን ያሻል።

ወንድ አቅራቢ፦ ዲጂታሉ የሚያግዘው ይህን ሁሉ በንድፍ ስታወጪ ነው። ንድፉን በአንድ ሌየር፣ ማለትም በአንድ ንብርብር ላይ፣ ታወጪና ታደበዝዢዋለሽ፤ ከላዩ ሌላ ሌየር ከፍተሽ ንጹሑን መስመር ታሰምሪያለሽ። ቢበላሽ ንድፉ አይነካም።

ሴት አቅራቢ፦ ወጪውም አያስፈራም። ክሪታ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ ኢቢስ ፔይንት ደግሞ በስልክ ይሠራል።

ወንድ አቅራቢ፦ መሣሪያ ግን ዓይንን አይተካም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን የሚያህል ሠዓሊ እንኳ ድመቶች ሲተኙ፣ ሲታገሉ እያየ በአንድ ወረቀት ላይ ደጋግሞ ሥሏል።

ሴት አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ የሌላ ሰው ሥዕል ከመገልበጣችሁ በፊት በግቢያችሁ ያለችውን ድመት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ዛሬውኑም ሣሏት።