የታይ ሩዝ ጥብስ ለጾም ምሳችን
(በማኅበሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሒሳብ ክፍሉ ስለ ምግብ ሊናገር መነሣቱ ያስቃችሁ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የምሳ ቡድናችን በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደንበኞች ሽሮና ምስር ብቻ እንዳይሰለቻቸው አንድ ምግብ እንጨምር ብሎ ጠይቋል። የመረጥነው የታይላንድ ሰዎች «ካኦ ፓት» የሚሉትን ነው፤ ካኦ ሩዝ፣ ፓት እያገላበጡ መጥበስ ማለት ነው። ገንዘቡ የጋራችን ስለሆነ ከመወሰናችን በፊት አብረን እንየው።

በአገሩ ይህ ምግብ የጾም አይደለም። እንቁላል ይገባበታል፣ ብዙ ጊዜ ሥጋ ወይም ሽሪምፕ አለበት፤ ጨው ጨው የሚለውም ዓሣ በጨው ተብላልቶ ከሚወጣው «ናም ፕላ» ከሚባል ፈሳሽ ነው። ሆኖም እነሱም ጾም አላቸው። በየዓመቱ በእኛ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ለ9 ቀናት «ጄ» የሚባል ምግብ ይበላሉ፤ የሚሸጡ ቤቶችም ቀይ ጽሑፍ ያለበት ቢጫ ባንዲራ ይሰቅላሉ። ከሥጋና ከእንቁላል አልፈው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጭምር ይተዋሉ። ያለ ሽንኩርት ወጥ ለማናውቀው ለእኛ ይኼ ከባድ ነው!

ስለዚህ ምግቡን የጾም የሚያደርገው አትክልቱ ሳይሆን ሶሱ ነው። በናም ፕላ ፋንታ የአኩሪ አተር ሶስ እንጠቀማለን። የኦይስተር ሶስ ግን ከባሕር እንስሳ የሚሠራ ነው፤ ጠርሙሱ ስለሚመሳሰል ጽሑፉ ሳይነበብ አይገዛ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤቱ እንተወው። ደንበኛው «የጾም ነው» ስንለው አምኖን ነው የሚበላው።

ሁለተኛው ሩዙ ነው። ትኩስ ሩዝ ሲጠበስ ገንፎ ይሆናል፤ ቀድሞ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ያስፈልጋል። እነሱ የጃስሚን ሩዝ ይወዳሉ፤ የፎገራውንም በደንብ አጥቦ፣ ውሃውን ቀነስ አድርጎ መቀቀል ይቻላል። እዚህ ላይ ግን ጥብቅ እንሁን። የተቀቀለ ሩዝ ድስት ውስጥ ለብ እንዳለ ካደረ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ የሚያወጣው መርዝ ደግሞ እንደገና ቢጠበስም አይጠፋም። ሰፊ ትሪ ላይ ተዘርግቶ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይግባ፤ በማግስቱም ይለቅ። የመብራት ነገር ይታወቃል፤ ሌሊቱን መብራት ከጠፋ ያ ሩዝ ይደፋል። ኪሳራውን ሒሳብ ክፍሉ ይመዘግባል፣ ማንም አይጠየቅበትም።

ለ4 ሰው 2 ብርጭቆ ጥሬ ሩዝ ይበቃል፤ ሲበስል ወደ 6 ብርጭቆ ይሆናል። ካሮት፣ ፎሶልያና ጥቅል ጎመን በቀጭኑ ይከተፋል። ዘይቱ በደንብ ሲግል ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ቀጥሎ አትክልቱ፣ ከዚያ ሩዙ፣ መጨረሻ ላይ ሶሱና ትንሽ ስኳር። በአንድ ጊዜ ከ2 ሰው በላይ አይጠበስ፤ መጥበሻው ሲሞላ ሙቀቱ ይወርድና አትክልቱ ውሃ አውጥቶ ይቀቀላል። ከእሳት ሲወርድ በሶብላ ጣል ይደረግበታል፤ በታይ ምግብ የሚገባው ቅጠል የበሶብላችን ዘመድ ነው። ከጎኑ ኪያርና የተቆረጠ ሎሚ ይቀርባል፤ ሎሚው እንዳይረሳ፣ ጣዕሙን የሚያነሣው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሙያችን። ከሁሉ ውድ የሚሆንብን ሶሱ ነው። 500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 33 የሾርባ ማንኪያ ይወጣዋል። ለ4 ሰው 2 ማንኪያ ከሆነ አንድ ጠርሙስ 66 ሳህን ያወጣል። በእጅ ግምት ሲፈስ በቀላሉ እጥፍ ይሆናል፤ ያኔ 33 ሳህን ብቻ ነው፣ ምግቡም ይመርራል። ስለዚህ ማንኪያው ከጠርሙሱ ጋር ይታሰር ብለን ሐሳብ አቅርበናል። ጋዙም ይታሰብ፦ በጥቂት በጥቂቱ መጥበስ ምድጃውን ያስረዝማል፤ ይህን በሽያጭ ዋጋው ውስጥ ካላስገባነው ትርፉ በጭስ ይወጣል።

የምናቀርበው ሐሳብ ይኼ ነው፦ በመጀመሪያው ወር ረቡዕ ረቡዕ ብቻ፣ በትእዛዝ፣ ከ20 ሳህን ሳይበልጥ ይሞከር። ወጪና ገቢው ለብቻው መዝገብ ይከፈትለትና በሚቀጥለው ስብሰባ አንብበንላችሁ ትወስናላችሁ። የምሳ ቡድኑ እኅቶቻችን ጓዳ ውስጥ መጥበሻውን አግለው እየጠበቁን ነው፤ ቀምሳችሁ ድምፅ ስጡ።